የወደቀ የሽኮኮ ግልገል ብናገኝ ምን እናድርግ?

እስቲ ዛሬ ደግሞ ከፈተናና ከአሳይመንት ወጣ ብለን ስለ አንዲት ትንሽ እንስሳ እንጨዋወት። "ሽኮኮ ደግሞ ምን አላት?" የሚል አይጠፋም። ጉዳዩ ግን የሽኮኮ ብቻ አይደለም፤ የባዮሎጂ ተማሪ ነን የምንለው የእኛም ጉዳይ ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አየር ጤናም ይሁን ቤቴል፣ ዘነበወርቅም ይሁን አጠና ተራ፣ የሰፈር ልጆች አንድ የወደቀ ነገር ካገኙ ይዘው የሚመጡት "ይማራል" ወደተባለው ልጅ ነው። አንዴ የወፍ ጫጩት፣ አንዴ የድመት ግልገል፣ አንዴ ደግሞ ዛፍ ሲቆረጥ አብሮ የወረደ የሽኮኮ ልጅ ይሆናል። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ምን እናብላው?" ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክም ያው ነው። በጠርሙስ ክዳን የላም ወተት ይቀርባል፤ ልጆቹ በየተራ ያቅፉታል፤ ማታ ካርቶን ውስጥ ተደርጎ በረንዳ ላይ ያድራል፤ ጠዋት ደርቆ ይገኛል። "ድሮም የሚተርፍ አልነበረም" ይባልና ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

በበኩሌ በዚህ አልስማማም። ብዙ ጊዜ ግልገሉን የሚገድለው መውደቁ ሳይሆን ከወደቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ በደግነት የምናደርግለት ነገር ነው። ይህ ደግሞ በዕውቀት የሚስተካከል ስለሆነ ዲፓርትመንታችን በተግባር ሊያስተምረን ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው።

ለመሆኑ "ሽኮኮ" የትኛዋ ናት?

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስተናል። በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት እንስሳት ጋር የተቆጠረው ሽኮኮ በቋጥኝና በገደል ስንጥቅ የሚኖረው ጅራት አልባው እንስሳ ነው። በዕለት ንግግራችንና በልጆች መጻሕፍት ላይ ግን ጭራዋ የተንጨፈረረ፣ ዛፍ ለዛፍ የምትሮጠዋም "ሽኮኮ" ትባላለች። ሁለቱ በዘር አይገናኙም። የዛፏ ሽኮኮ የአይጥ ወገን ናት። የቋጥኙ ሽኮኮ ግን፣ ማመን ቢያስቸግርም፣ ከአይጥ ይልቅ ለዝሆን የቀረበ ዘመድ ነው።

ታዲያ ይህ የስም ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዛፏ ሽኮኮ ልጆቿን የምትወልደው ጸጉር ሳያበቅሉ፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ነው። በደንብ በተጠኑት የአሜሪካና የአውሮፓ ዝርያዎች ዓይናቸው የሚገለጠው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሰውነታቸውን ሙቀት በራሳቸው መጠበቅ አይችሉም፤ የእናታቸው ገላና ጎጇቸው ነው የሚያሞቃቸው። የቋጥኙ ሽኮኮ እናት ግን ሰባት ወር ተኩል ያህል አርግዛ የምትወልደው ጸጉር ያለው፣ ዓይኑ የተገለጠ፣ ብዙም ሳይቆይ የሚሮጥ ግልገል ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥም ቅጠል መቀንጠስ ይጀምራል።

እንግዲህ አስቡት። ዓይኑ ያልተገለጠ የዛፍ ሽኮኮ ግልገል ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜው ገና ስለሆነ ነው። ዓይኑን መግለጥ ያቃተው የቋጥኝ ሽኮኮ ግልገል ግን በጠና ታሟል ማለት ነው። አንደኛውን ጎጆ ሠርተን ካላሞቅነው ይሞታል። ሁለተኛው በካርቶን ታጥሮ በወተት ብቻ ከከረመ ይጎዳል፤ የሚያስፈልገው ቅጠሉና መንጋው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕርዳታ መድኃኒትም ምግብም አይደለም፤ "ይህ ምንድን ነው? ስንት ጊዜው ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ የሰፈር ልጅ ላይመልሰው ይችላል። እኛ ካልመለስነው ግን ማን ይመልሰው?

በአገራችን ከአንድ በላይ የሽኮኮ ዝርያ እንዳለም እናስታውስ። በዛፍ ላይ የምትኖረው የፀሐይ ሽኮኮ የምትባለው አለች። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በመኪና ያለፈ ሰው መንገድ ዳር ቆማ የሚያያት ደግሞ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖረው የመሬት ሽኮኮ ናት። የእንክብካቤ መመሪያዎች ባብዛኛው የተጻፉት ስለ ውጭ አገር ዝርያዎች በመሆኑ የቀኑና የሳምንቱ ቁጥር ለኛዎቹ በልክ ላይሠራ ይችላል። መሠረታዊው መርህ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

መጀመሪያ ማየት

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላሉ አባቶቻችን። መሬት ላይ የተገኘ ግልገል ሁሉ ወላጅ አልባ አይደለም። የዛፍ ሽኮኮ እናት ልጇ ከጎጆ ቢወድቅባት ወርዳ በአፏ አንጠልጥላ ትወስደዋለች። ጎጆዋ ቢፈርስም ብዙ ጊዜ ሌላ መጠለያ አላት። ግን እኛ ከበን ቆመን፣ ልጆች እየጮሁ፣ ውሻ እያሽተተ ልትወርድ አትችልም። ስለዚህ ግልገሉ ካልቆሰለና ካልቀዘቀዘ ትልቁ ውለታ ዞር ማለት ነው። ውሻና ድመት ማራቅ፣ ልጆቹን ወደ ቤት መላክ፣ ግልገሉን አፉ ክፍት በሆነ ካርቶን ከዛፉ ሥር ወይም ከግንዱ ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ መጠበቅ። የዛፍ ሽኮኮ የቀን እንስሳ ስለሆነች ጥበቃው በቀን ብርሃን መሆን አለበት። ጥቂት ሰዓታት ተጠብቃ ካልመጣች ወይም እየመሸ ከሆነ ግልገሉ ውጭ ማደር የለበትም።

"የሰው እጅ የነካውን እናቱ አትቀበለውም" የሚባለውስ? ይህን እምነት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ለሽኮኮ ግን አይሠራም፤ በሰው እጅ የተነካ ግልገሏን መልሳ ትወስዳለች። ይህ እምነት ጉዳት አለው። ልጆቹ አንዴ ከነኩት በኋላ "በቃ፣ የእኛ ሆኗል" ብለው ይዘውት ይሄዳሉ።

ስለ ወፍም አንድ ነገር ልበል፤ በሰፈራችን ከሽኮኮ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ነውና። ላባ ያወጣ፣ የሚንጠላጠል፣ ግን በደንብ የማይበር ጫጩት መሬት ላይ ብታዩ ባብዛኛው መብረር እየተለማመደ ነው። ወላጆቹ ከአጥሩ ላይ ሆነው ያዩታል፣ ወርደውም ያበሉታል። ቁጥቋጦ ላይ ከፍ አድርጎ ትቶት መሄድ ይበቃል።

ሙቀት ይቀድማል

እሺ፣ እናቱ አልመጣችም እንበል። ወይም ዛፉ ተቆርጦ፣ እናቲቱም ሞታ ተገኝታለች። አሁን ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማሞቅ። ግልገሉ በእጃችን ላይ ሲቀዘቅዘን ከተሰማን ከምንም በፊት መሞቅ አለበት። የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ በክረምትም በጥቅምትም የሚያሾፍ አይደለም። ዕቃው ቤታችን አለ፦ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ክሩ የማይመዘዝ አሮጌ ጨርቅና ካርቶን። የሞቀው ውሃ በፕላስቲኩ ተሞልቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከካርቶኑ በአንድ በኩል ብቻ ይቀመጣል። በአንድ በኩል የሚሆነው ግልገሉ በጣም ከሞቀው ፈቀቅ እንዲል ነው። የፈላ ውሃ ቆዳውን ያቃጥላል፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ደግሞ መልሶ ሙቀቱን ይወስድበታል፤ ስለዚህ ውሃው በየጊዜው ይቀየራል። ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይሆንም።

ሁለተኛ፣ አለማብላት። ይህ ለብዙ ሰው የሚከብድ ነው። የተራበ የሚመስል ነገር አይቶ አለማጉረስ ለእኛ ባህል ይከብዳል። ነገር ግን የቀዘቀዘ ግልገል ሆዱ ምግብ አይፈጭም፤ ወተቱ ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ ይነፋዋል። ከሞቀ በኋላም ቅድሚያ የሚሰጠው ለጎደለው ፈሳሽ ነው። ቆዳው በሁለት ጣት ሳብ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ግልገሉ ደርቋል ማለት ነው። የሚሰጠውን የፈሳሽ ዓይነትና መጠን የእንስሳት ሐኪም ይወስን።

ሦስተኛ፣ የላም ወተትን መተው። የላም ወተት ለጥጃ የተሠራ ነው። ከሽኮኮ ወተት ጋር ሲወዳደር ቅባቱና ፕሮቲኑ ያነሰ፣ የወተት ስኳሩ የበዛ ነው። ውጤቱ ተቅማጥ ነው፤ ለደረቀ ግልገል ደግሞ ተቅማጥ ሞት ነው። በውጭ አገር በሽኮኮ እንክብካቤ የተሰማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ለውሻ ቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ነው።

አራተኛ፣ አሰጣጡ። ሕፃን እንደሚታቀፈው አንጋልሎ ወተት ማፍሰስ የተለመደ ስህተት ነው። ግልገሉ በሆዱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ቀና ብሎ፣ በትንሿ ሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ ነው የሚሰጠው። በአፍንጫው አረፋ ወይም ወተት ከወጣ ወዲያው ይቆማል። ወደ ሳንባ የገባ ወተት የሳንባ ምች ያስከትላል፤ ከዚያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዓይኑ ያልተገለጠ ግልገል ያለ እናቱ ዕርዳታ አይሸናም። እናቱ እየላሰች ነው የምታሸናው። ስለዚህ ከምግብ በፊትና በኋላ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጥጥ ቀስ እያሉ መዳሰስ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሁሉን ነገር በትክክል አድርጎ እንኳ ግልገሉን ሊያጣው ይችላል።

ቁስል ካለበትስ? ደም እየፈሰሰ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ፣ የተሰበረ እግርን ግን ለመጠገን አለመሞከር። ስብራት የሚታሽ ነገር አይደለም፤ ጸጥ ባለና ጨለም ባለ ካርቶን አስቀምጦ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። በተለይ ድመት የያዘችው ከሆነ "ምንም አልሆነም" ማለት አይቻልም። የድመት ጥርስ የሚተወው ቀዳዳ ከመርፌ አይበልጥም፤ በውስጡ ግን ፓስቹሬላ የተባለ ባክቴሪያ ይገባል፤ በሰዓታት ውስጥ አንቲባዮቲክ ካላገኘ ደሙ ይመረዛል። በጸጉሩ መካከል እንደ ሩዝ ፍሬ የተጣበቀ ነጭ ነገር ካያችሁ ደግሞ የዝንብ እንቁላል ነው፤ ወደ ትል ሳይለወጥ በወረንጦ መለቀም አለበት።

የራሳችንስ ጤና?

"ደግ አደርግ ብዬ" ተነክሶ የመጣ ሰው አናጣም። ሽኮኮና አይጥን የመሳሰሉ ትንንሽ እንስሳት በእብድ ውሻ በሽታ ተይዘው የሚገኙት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በአገራችን በሽታውን ወደ ሰው በዋናነት የሚያመጣው ውሻ ነው። ሆኖም ልጆች የሚያነሱት ግልገል ሁሉ ሽኮኮ አይደለም፤ ቡችላም፣ የድመት ልጅም፣ የቀበሮ ዘርም ሊሆን ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ጓንት ወይም ወፍራም ጨርቅ መጠቀም፤ የነከሰ ወይም የቧጨረ ነገር ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፤ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ።

የቋጥኙ ሽኮኮ ደግሞ ሌላ የምናውቀው ታሪክ አለው። ቁንጭር የምንለውን የቆዳ በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ተሸሽጎ የሚኖረው በእነዚህ ሽኮኮዎች ላይ ነው። ወደ ሰው የሚያሻግረው የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ትንሽ ነካሽ ነፍሳት እንጂ እንስሳውን መንካት አይደለም። በዚሁ በክፍለ ከተማችን ዘነበወርቅ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የቁንጭር ሕሙማንንም ሲያክም ኖሯል። ከጎኑ ያለው የአርመወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም በዚሁ በሽታ ላይ ተመራምሯል። እንግዲህ የዱር እንስሳ ጤናና የሰው ጤና ምን ያህል የተያያዙ እንደሆኑ ለማየት ከሰፈራችን መውጣት አያስፈልገንም።

ከዚያስ ወዴት?

ግልገሉን አሞቅነው፣ ተረፈ እንበል። ከዚያ ወዴት ይሄዳል? ትልቁ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ቤት ማሳደግ አማራጭ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ሰው የለመደ ሽኮኮ ውሻና ድመት አይፈራም፤ ሲለቀቅ ቀኑን አይውልም።

ቦታ ማጣት ምን እንደሚያደርስ አገራችን ቀደም ብላ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 በጎዴ ሁለት የአቦ ሸማኔ ግልገሎች አንገታቸው በገመድ ታስሮ ተገኝተው፣ አንዷ አንድ ዓይኗ ጠፍቶ፣ በስንት ጥረት ወደ አዲስ አበባ መጥተዋል። በዓመቱ ደግሞ የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በቦታና በገንዘብ እጥረት የአንበሳ ደቦሎችን በመርዝ እያስወገደ መሆኑን የግቢው ኃላፊ ለውጭ ዜና ወኪሎች ተናግረው ዓለም ተነጋግሮበታል። የአገሪቱ ምልክት የሆነው አንበሳ ቦታ ካጣ፣ የሽኮኮ ነገርማ ምን ይነሣል!

ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በሆለታ አቅራቢያ "እንስሳ ኮቴ" የተባለው የዱር እንስሳት ማገገሚያና ትምህርት ማዕከል ተቋቁሟል። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ያቋቋመው ሲሆን ስፋቱ 77 ሄክታር ነው። ከሕገወጥ አዘዋዋሪዎች የተወረሱ አቦ ሸማኔዎችን፣ አንበሶችን፣ ዝንጀሮና ጦጣዎችን፣ ኤሊዎችን ተቀብሏል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ማታ አንድ ሰዓት ላይ አየር ጤና የተገኘ፣ ክብደቱ ከአንድ እንቁላል የማይበልጥ ግልገል ሆለታ እስኪደርስ ማን ያሞቀዋል? የጎደለን ይህ መሀል ላይ ያለው እርከን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ማዳን በፍቅር ብቻ የማይሠራ ለመሆኑ እንግሊዞች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ግራጫዋ ሽኮኮ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ ገብታ የአገራቸውን ቀይ ሽኮኮ ከብዙ ቦታ አጠፋችባቸው። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ታክማ የዳነች ግራጫ ሽኮኮን መልሶ ወደ ዱር መልቀቅ በሕጋቸው ተከልክሏል። ዝርያዋን ለይቶ ያላወቀ ሰው እዚያም ቢሆን ማዳን አይችልም።

"ሰው ተቸግሮ ለሽኮኮ?"

ይህን ጥያቄ አልሸሸውም፤ ከባድ ጥያቄ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚሁ በክፍለ ከተማችን ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። እንዲህ ያለ ሐዘን ባየ ሰፈር ስለ ሽኮኮ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

መልሴ ግን ይህ ነው። እኔ ከሰው ሕክምና ላይ አንዲት ሳንቲም ይነሣ አላልኩም። የምጠይቀው ዕውቀትን ነው፤ ይህ ዕውቀት ደግሞ በሽኮኮ ላይ አይቀርም። የቀዘቀዘ ግልገልን ከማብላት በፊት ማሞቅ፣ ድርቀትን በቆዳ መለየት፣ ወተት ወደ ሳንባ እንዳይገባ መጠንቀቅ፤ እነዚህ ሁሉ በክረምት ለተወለደች የበግ ግልገል፣ እናቷ ለሞተባት የፍየል ግልገል፣ ለጥጃም የሚሠሩ ናቸው። ከእኛ መካከል ስንቱ ነው ነገ ገጠር ሄዶ የሚያስተምረው? ገበሬው ፊት ቆሞ የሴል ክፍፍል ብቻ ከሚያወራ መምህር፣ የምትሞት ግልገል ማትረፍ የሚችል መምህር ይሻላል። ልጆቹም ከዚህ የሚማሩት አለ። የወደቀን ነገር መጫወቻ ከማድረግ በፊት ቆሞ ማየትን የለመደ ልጅ፣ ሌላም ነገር ላይ ቆም ብሎ ማየቱ አይቀርም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ የእንስሳት ጥናት ኮርሳችን አንዱን የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይስጠን። ፎርማሊን ውስጥ የተቀመጠ እንስሳ ስንት ጊዜ አየን! የሞቀ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ካርቶን ማዘጋጀት፣ ሲሪንጅ በትክክል መያዝ በሁለት ሰዓት ይለመዳል።

ቀጥሎ፣ በዲፓርትመንታችን አንድ መደርደሪያ ይለይ፦ ካርቶን፣ ጨርቅ፣ ጓንት፣ ትንንሽ ሲሪንጅ፣ ጥጥ፣ ቴርሞሜትርና ሚዛን። ይህ እንስሳ የምናሳድርበት ቦታ እንዳይሆን አደራ፤ ወደ ባለሙያ እስኪሄድ የሚቆይበት ነው። ለዚህም ከባለሥልጣኑ ጋር አስቀድሞ በደብዳቤ መስማማት ያስፈልጋል፤ የሚደወልበት ስልክም ግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

ሌላው፣ መዝገብ ይኑር። ቀን፣ ቦታ፣ የእንስሳው ዓይነት፣ ክብደት፣ የደረሰበት ጉዳት፣ መጨረሻው። በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ መካከል 705 ሄክታር የሚሸፍን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለን። ከዚያ ደንና ከሰፈራችን ዛፎች ምን ምን እንስሳት እየወጡ እንደሚጎዱ የሚነግረን መዝገብ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ መነሻ ይሆናል።

በመጨረሻም መከላከል። ቶሎ ቶሎ ተቆርጦ አጠና የሚሆን ባሕር ዛፍ ብዙ ቀዳዳ የለውም። ሽኮኮና ወፍ የሚኖሩት በየግቢውና በየቤተ ክርስቲያኑ ባሉት ያረጁ ጽድና ወይራዎች ላይ ነው። ለግንባታ ሲባል አንድ ያረጀ ዛፍ ከመውደቁ በፊት አንድ ሰው ቀና ብሎ ቀዳዳውን ይይ፤ ጎጆ ካለበት ጥቂት ሳምንት ይታገሡት። ከማዳን ሁሉ ርካሹ ይህ ነው።

ውድ መምህሮቻችንና የክፍል ጓደኞቼ፣ ልጆቹ ነገም አንድ ነገር በመዳፋቸው ይዘው ወደ አንዳችን መምጣታቸው አይቀርም፤ "ምን እናብላው?" ማለታቸውም አይቀርም። ያን ጊዜ "መጀመሪያ እናሙቀው፤ የት ነው ያገኛችሁት?" ብለን የምንመልስ ከሆነ ትምህርታችን ለሰፈሩም ደረሰ ማለት ነው። ሐሳቡን የምትደግፉም የምትቃወሙም በሚቀጥለው እትም እንድትጽፉ እጋብዛለሁ።

ቸር እንሰንብት!